ከአፕዴት በኋላ ማይክ ሲጠፋ፦ ፍላሽ ከማድረጋችን በፊት ምን ይታይ?

የጠባሴው ጠጋኝ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ባለሙያዎች። ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ያለው፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ አንድሮይድ ነው። ከአንድሮይድ 13 ወደ 14 አፕዴት ተደርጎ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ሲደወል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምንም አይሰማም፤ ወዲህ ግን የእሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል። እስካሁን ያየሁት ይህን ነው፦ ስፒከር ላይ ሲደረግ ድምፅ ያልፋል። በኋላ ካሜራ የተቀረጸ ቪዲዮም ድምፅ አለው። የቴሌግራም ቮይስ ግን ሽሽሽ ከማለት በቀር ንግግር አይዝም። በኢርፎን ሲሞከር ይሠራል።

ባለቤቱ «ሶፍትዌሩ ነው ያበላሸው፣ ወደ ድሮው መልሱልኝ» ይላሉ። ስልኩ ውስጥ ሌላ ቦታ ያልተገለበጠ የልጆቻቸው ፎቶ አለ። ጂሜይሉንም ሲገዙ ሻጩ ስለከፈተላቸው የይለፍ ቃሉን አያውቁትም። ፍላሽ (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን) ልጀምር ወይስ መጀመሪያ የሚታይ ሌላ ነገር አለ?

መንዜው ካውያ

ወንድሜ፣ ፍላሹን ለጊዜው ተወው። የመልሱ ግማሽ ጥያቄህ ውስጥ አለ።

አሁን ያሉት ስልኮች አብዛኞቹ ቢያንስ ሁለት ማይክ አላቸው። የታችኛው፣ ከቻርጅ መሰኪያው አጠገብ ያለው፣ ስልኩን ጆሮ ላይ አድርገን ስናወራና ቮይስ ስንልክ የሚሠራው ነው። የላይኛው ወይም ካሜራው አጠገብ ያለው ጫጫታ ለመቀነስ፣ ለቪዲዮና በብዙ ሞዴሎች ስፒከር ላይ ስናወራ ይሠራል። ያንተ ስልክ በላይኛው ይሰማል፣ በታችኛው አይሰማም። ሶፍትዌሩ ማይክ መክፈት አቅቶት ቢሆን ኖሮ ቪዲዮውም ድዳ ይሆን ነበር።

በጥፍር ፈትነው። ሪከርደሩን ክፈትና ቅረጽ፤ መጀመሪያ የታችኛውን ቀዳዳ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የላይኛውን፣ ከዚያ ካሜራው አጠገብ ያለውን ቀስ አድርገህ ነካ ነካ አድርግ፣ በየመካከሉ ሦስት ሰከንድ ዝም በል። ይህንኑ በቪዲዮ ድገመው፤ ሪከርደሩ የላይኛውን ማይክ ላይጠቀም ይችላል። ስታዳምጠው ጎልቶ ዱብ ዱብ የሚለው በሕይወት ያለው ነው።

ሲቀረጽ የሚታየውን የድምፅ መስመርም ልብ ብለህ እየው። ሰዓቱ እየቆጠረ መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ካለ፣ ወይ ማይኩ በሴቲንግ ተዘግቷል ወይ ከማይኩ ምንም ምልክት እየደረሰ አይደለም። ሽሽታ ኖሮት ንግግሩ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ የራቀ ከሆነ ቀዳዳው ወይም ማይኩን ከአቧራ የሚከላከለው መረብ ተደፍኗል። የስልኩን ታች በአውራ ጣት ጫን ስትለው ድምፁ መጣ ሄደ ካለ ደግሞ የፍሌክሱ (የታችኛውን ክፍል ከዋናው ቦርድ የሚያገናኘው ስስ ገመድ) መግጠሚያ ላልቷል። አንተ የጻፍከው ሽሽታ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ስልክ በእኛ ደጋ የሚውለው ከጋቢና ከባና ሥር ነው። የሱፉ ብናኝ ከኪስ አቧራና ከላብ ጋር ይጣበቅና መረቡ ላይ ይደርቃል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግራጫ ስስ ምንጣፍ ይመስላል። ታኅሣሥና ጥር ላይ የአውድማው እብቅ ሲጨመርበት ይብሳል።

የጣርማበር ጉም

መንዜው ያለው ልክ ነው፤ ግን ይህን የሚያነብ ሁሉ ስልኩ እንደዚህኛው አይደለም። ሁሉም ማይክ ባንድ ጊዜ ድዳ ከሆነ መጀመሪያ ሴቲንግ ይታይ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ከላይ በሚወርደው መጋረጃ ላይ የማይክ መዝጊያ ቁልፍ አለ፤ ሴቲንግ ውስጥም ፕራይቬሲ በሚለው ሥር ይገኛል። ሲዘጋ መተግበሪያው ስሕተት አያሳይም፣ ባዶ ዝምታ ነው የሚደርሰው፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ የመተግበሪያውን የማይክ ፈቃድ ማየት፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ መተግበሪያ ፈቃዱን አንድሮይድ ራሱ ይነጥቀዋል። ብሉቱዝ ይጥፋ፣ ምክንያቱም ሌላ ክፍል ያለ ስፒከር ወይም መኪና ማይኩን ወስዶት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ስልኩ ከውጭ የተጫኑ መተግበሪያዎችን ሳይከፍት የሚነሣበት መንገድ። የማጥፊያው ምናሌ ሲመጣ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ተጭኖ መያዝ ነው፤ በብዙ ስልኮች ይሠራል። ሴፍ ሞድ ላይ ከስልኩ ጋር በመጣው ሪከርደር ከሠራ ጥፋተኛው ከውጭ የተጫነ መተግበሪያ ነው፤ በተለይ ጥሪ ቀጂዎችን ጠርጥሩ። የሳምሰንግ ስልክ ላይ *#0*# ከመተግበሪያዎቹ ውጭ የሆነ መፈተሻ ይከፍታል። ችግሩ በጥሪ ላይ ብቻ ከሆነና ሪከርደሩ ደህና ከሆነ ቮልቲኢን (በ4ጂ የሚደረገውን ጥሪ) አጥፍታችሁ ደውሉ።

ቆላ ቦርድ (ሸዋ ሮቢት)

ባለቤቱ «አፕዴቱ ነው» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጊዜው ስለገጠመ ነው። ለወራት ሳይጠፋ የኖረ ስልክ በአፕዴት ምክንያት ይጠፋና ይነሣል። ሲነሣ የድምፅ ክፍሉን ከዜሮ ይፈትሻል፤ ደክሞ የነበረ ግንኙነት የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። አፕዴቱ ሲጫን ስልኩ ለረጅም ሰዓት ይግላል። በዚያ ላይ የማይኩን ጉልበትና የጫጫታ ቅነሳውን የሚወስኑ ፋይሎችም አብረው ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ትናንት እየተንፏቀቀ የሚሰማ ማይክ ዛሬ ጭራሽ ይጠፋል።

የታወቀው ምሳሌ አይፎን 7 ነው። በፈረንጆቹ 2018 አይኦኤስ 11.3 ከወጣ በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ ማይኩ ጠፋ፤ ጥሪ ላይ የስፒከሩ ምልክት ግራጫ ሆኖ አልነካም ይል ነበር። ቦርዱን የከፈቱት ግን ያገኙት የድምፅ አይሲው (ድምፁን የሚያስተናግደው ቺፕ) ሥር፣ ሲ12 የሚባለው ነጥብ ላይ የተሰነጠቀ ግንኙነት ነው። ጥገናው አይሲውን አንሥቶ በቀጭን ሽቦ ማገናኘትና መልሶ ማስቀመጥ ነው። የስልኩን ሶፍትዌር እንደ አዲስ መጫን (ሪስቶር) ስንጥቁን አይደፍነውም።

ንጹሕ የሶፍትዌር ጥፋትም አለ። ምልክቱ ያው ሞዴል ያው ቨርሽን የጫኑ ብዙ ስልኮች ባንድ ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ማሳየታቸው ነው። ያን ጊዜ ቀጣዩን አፕዴት መጠበቅ ይሻላል።

ፍላሽን በተመለከተ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ወደ ድሮው ቨርሽን መመለስ ብዙ ስልኮች ላይ ተዘግቷል። ሳምሰንግ ላይ በቨርሽኑ ቁጥር ውስጥ ከዩ ወይም ከኤስ ፊደል ቀጥሎ ያለው አኃዝ የቡትሎደሩ (ስልኩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ደረጃ ነው፤ ስልኩ ላይ 5 ካለ 4 የሚል ፋይል አይቀበልም። ሚዲያቴክ ላይ ደግሞ ፍላሽ በሚደረግበት ፕሮግራም፣ በኤስፒ ፍላሽ ቱል፣ «ፎርማት ኦል» የሚለውን የነካ ሰው ኤንቪራሙን (የኔትወርክ መረጃው የተቀመጠበትን ክፍል) ያጠፋል፣ አይኤምኢአዩም (የስልኩ መለያ ቁጥር) አብሮ ይሄዳል። ማይክ ሊጠገን የገባ ስልክ ኔትወርክ አጥቶ ይወጣል። ፋብሪካ ሪሴት ከተደረገና የጂሜይል የይለፍ ቃሉ ካልታወቀ ስልኩ በጉግል ይቆለፋል። ስለዚህ ጠባሴ፣ ምንም ከመንካትህ በፊት ፎቶዎቹን በኬብል ወደ ኮምፒውተር ገልብጥላቸው፤ አካውንቱ ክፍት እያለም የይለፍ ቃሉን እሳቸው ራሳቸው ይቀይሩትና ወረቀት ላይ ይጻፉት።

የጠባሴው ጠጋኝ

ፎቶው ተገልብጧል፣ የይለፍ ቃሉም ተቀይሯል። በጥፍር ሲፈተን የላይኛው ዱብ ይላል፣ የታችኛው ከሩቅ ነው የሚሰማው። ታቹን ስጫነው ለውጥ የለም። ሲከፈት መረቡ ላይ ያ የተባለው ግራጫ ነገር አለ። መረቡን ሳጸዳው ድምፁ መጣ፣ ግን አሁንም ደካማ ነው። ቮልቴጅ የት ልለካ?

መንዜው ካውያ

ባትሪው ተሰክቶ ሪከርደሩ እየቀረጸ እያለ ማይኩ እግር ላይ ለካ፤ 1.8 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ካገኘህ ከሜይን ቦርዱ በኩል ያለው ደህና ነው፣ ማይኩ ራሱ ነው የደከመው። ምንም ከሌለ ባትሪውን ነቅለህ ፍሌክሱን አውጣ፣ መግጠሚያውን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ፣ መልሰህ ለካ። አሁንም ከሌለ ችግሩ ሜይን ቦርዱ ላይ ነው። በብዙዎቹ ሚዲያቴክ ስልኮች የድምፅ ክፍሉ ከፓወር አይሲው (ኃይል ከሚያከፋፍለው ቺፕ) ጋር አንድ ላይ ስለሆነ እሱን በቸኮለ እጅ አታሙቀው።

ማይኩ ብቻ ከሆነ ማይኩ ያለበትን የቻርጅ ቦርድ መቀየር ማይኩን ነጥሎ ከመበየድ ይቀላል። ሞቃት አየሩና ፍላክሱ (የመበየጃው ቅባት) ወደ ማይኩ ቀዳዳ ከገቡ አዲሱንም ይገድሉታል። ቦርዱን ስትገዛ የሞዴሉ ስም አይበቃም፤ ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ማይኩ ሠርቶ ፈጣኑ ቻርጅ ሊጠፋ ይችላል።

አሮጌው ማይክ ላይ የነበረችውን ትንሽ ጎማ አትጣላት። ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ቦርድ ጋር አትመጣም። ያለ እሷ ከተዘጋ የስልኩ የራሱ ድምፅ በውስጥ በኩል ወደ ማይኩ ይገባና ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የገዛ ድምፁን መልሶ ይሰማል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «አዲስ ብልሽት አመጣችሁብኝ» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

የአንኮበር ገደል

ጋሽ መንዜው፣ ስልክ መክፈት የማንችል ሰዎችስ ቤት ውስጥ ቀዳዳውን በሲም ማውጫው መርፌ ብናጸዳው?

መንዜው ካውያ

በፍጹም፣ እህቴ። የማይኩ ሽፋን ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ መርፌው ከገባ አለቀ። አፍ አስጠግቶ መንፋትም ሆነ በኮምፕረሰር መንፋት ያው ነው፣ አንደኛው ርጥበት ያስገባል፣ ሌላው በግፊት ይቀደዋል። ካቨሩን አውልቀሽ፣ ስልኩን አጥፍተሽ፣ ቀዳዳው ወደ መሬት እንዲያይ ያዢውና በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ከላዩ ጥረጊው። አንዳንዴ ቀዳዳው ተደፍኖ የሚገኘው በካቨሩ ብቻ ነው።

የጣርማበር ጉም

በውርጭ ወራት አንድ ነገር ይጨመር። ውጭ የቀዘቀዘ ስልክ እንፋሎት ወዳለበት ማድ ቤት ሲገባ መረቡ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ድምፁም ይታፈናል። ቻርጅ ሳይሰካ ለብ ባለ ክፍል ጥቂት ሰዓት ይቀመጥ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አይደረግ፤ የባትሪው ነገር ያሰጋል።

የጠባሴው ጠጋኝ

1.8 ቮልት አለ። ቁጥሩ አንድ የሆነ የቻርጅ ቦርድ ገብቷል፣ ጎማዋም ተመልሳለች። ጆሮ ላይ፣ ስፒከር ላይ፣ በቴሌግራም ቮይስና በቪዲዮ፣ አራቱም ተሞክረው ይሰማል፤ ማሚቶ የለም፣ ፈጣኑ ቻርጅም እንዳለ ነው። አንድሮይድ 14ም አልተነካም።