ቡሊሚያ ላይ ጎልቶ የታየው ሲቢቲ አኖሬክሲያ ላይ ግራ አጋባኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ አንቀጽ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። ርዕሴ ሲቢቲ፣ ማለትም በአስተሳሰብና በባህሪ ላይ የሚሠራው የንግግር ሕክምና፣ የአመጋገብ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ምን ያህል ይጠቅማል የሚል ነው።

ቡሊሚያ (ያለልክ በልቶ መልሶ የማስወጣት ሕመም) ላይ ብዙ አልተቸገርኩም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዴንማርክ ጥናት 70 ታካሚዎችን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን በ5 ወር 20 ጊዜ ሲቢቲ አገኘ። ሌላው 2 ዓመት በየሳምንቱ የሳይኮአናሊሲስ ሕክምና፣ ማለትም ከሕመሙ በስተጀርባ ያሉ ስውር ስሜቶችን የሚመረምር የንግግር ሕክምና፣ ተከታተለ። በ2 ዓመቱ ሲታይ ያለልክ መብላቱንና ማስመለሱን ያቆሙት ከሲቢቲው ቡድን 44 በመቶ፣ ከሳይኮአናሊሲሱ ግን 15 በመቶ ነበሩ። የሚገርመው፣ የጥናቱ መሪዎች ራሳቸው የሳይኮአናሊሲስ ወገን ናቸው!

ጣጣው አኖሬክሲያ (ምግብን በመቀነስ ክብደት ከልክ በታች የሚወርድበት ሕመም) ላይ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ የጀርመን ጥናት 242 ሴቶችን በሦስት ሕክምናዎች አነጻጸረ፤ አንዱ ሲቢቲ ነው። የሁሉም ክብደት ጨመረ፣ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

እንግዲህ ይሄን እንዴት ልጻፈው? «ልዩነት የለም» ማለት ሦስቱም እኩል ይሠራሉ ማለት ነው? ወይስ ጊዜው ራሱ ነው ያሻሻላቸው? ያለ ሕክምና የተተወ ቡድን ስለሌለ መለየት አቃተኝ። መቼም እንዲህ ያለ ታካሚን ዝም ብሎ መተው አይቻልም። አማካሪዬ ደግሞ አንድ ድምዳሜ ስጪ ይሉኛል። እኔ በሕመሙ ዓይነት ለይቼ ብጽፈው ይሻለኛል ባይ ነኝ። የምታውቁ ካላችሁ፣ ሕክምናውን ያቋረጡትንስ ከውጤቱ ጋር እንዴት ነው የምትቆጥሯቸው?