ድሮኔ ጎረቤት ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፣ የምታውቁ ቶሎ እርዱኝ!

ናሆም_ኤም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሮኔ አሁን በዚህች ሰዓት ጎረቤት ጓሮ ያለ ዛፍ ላይ ነው። ዛሬ ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት። ልጄ የልደት ኬኳን ስትቆርስ ከላይ ልቅረጻት ብዬ አስነሳሁት፣ ደህና ነበር። ከዚያ «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለውን ስጫን ከፍ እንኳ ሳይል ቀጥ ብሎ ሄዶ ቅርንጫፍ ውስጥ ተሰነቀረ። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት በላይ ነው፣ መሰላሌ አይደርስም። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ አንዱ ክንፍ የተሰበረ ይመስለኛል። ስልኬ ላይ አሁንም ይታያል፣ ካሜራው ግን ቅጠል ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ሞተሩን ደጋግሜ ላስነሳው ሞከርኩ፣ ጢጥ ጢጥ ይላል እንጂ አይሽከረከርም። ባትሪው 41 ከመቶ ነው። ሰማዩም ጠቁሯል፣ ሊዘንብ ነው። ምን ላድርግ?

ቤቲ_ሳቅ፦
ለልጅህ እንኳን አደረሳት። ድሮኑም በተገዛ በቀኑ ጎጆ ወጣ በለኛ! ሃሃሃ

ደጉ_ሰው፦
ሞዴሉ ምንድን ነው? የት አገር ነህ? ዛፉ አጠገብ የመብራት ሽቦ አለ? ይህን ሳትነግረን ማን ምን ይበልህ። ሽቦ ካለ እንጨትም ብረትም እንዳታስጠጋ፣ ለመብራት ድርጅቱ ደውል።

ዘሪሁን_ቴክ፦
አፑ ውስጥ ፕሮፋይል ግባ፣ «ፋይንድ ማይ ድሮን» የሚል አለ። የመጨረሻ ቦታውን ካርታ ላይ ያሳይሃል።

ናሆም_ኤም፦
ዘሪሁን፣ ያለበትን እያየሁት ነው እኮ፣ ዛፍ ላይ ነው! ማውረጃውን ነው የጠየቅኩት። ሽቦ የለም።

ካሜራው_ዳኒ፦
ናሆም፣ ከሁሉ በፊት ሞተሩን ማስነሳት አቁም። ክንፉ በቅጠል ተይዞ ሞተሩ ሲታገል ይግላል፣ መጨረሻው መቃጠል ነው። አሁን የተሰበረብህ አንድ ክንፍ ከሆነ ርካሽ ነው፣ ሞተር ከተቃጠለ ግን ሌላ ወጪ መጣ። ሪሞቱንም አታጥፋ፣ ግንኙነቱ ይኑር። ቢጨልም ዘሪሁን የጠቀሰው «ፋይንድ ማይ ድሮን» ውስጥ ገብተህ ድሮኑን ማስጮህና መብራቱን ማብራት ትችላለህ፣ ግን ያ የሚሠራው ባትሪው እስካለ ድረስ ነው። የካርታውን ምስል አሁኑኑ ስልክህ ላይ አንሣ።

ከፍ እንኳ ሳይል ሄደ ላልከው፦ ቅርብ ሆኖ «ተመለስ» ሲባል አንዳንዱ ሞዴል ባለበት ከፍታ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። የመመለሻ ከፍታውን አፑ ላይ ብትሞላም የሚያገለግልህ ራቅ ስትል ነው። ቅርብ ከሆነ በእጅህ አብርረህ አውርደው፣ አዝራሩን እርሳው።

አቤል_ከአዲስ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ፈቃድ አለህ ወይ? እዚህ ድሮን በልደት ቀን ዝም ብሎ የሚነሳ ነገር አይደለም። ሰው ከተናገረብህ ከዛፉ በላይ ራስህን ማውረድ ነው የሚቸግርህ።

ጋሽ_ሙሉጌታ፦
ልጆች፣ ድሮን መጫወቻ አይደለም። አንድ ሰው የመጀመሪያ ድሮን ሲገዛ ውዱን ካሜራ ሳይሆን መውደቅ የሚችል ትንሽ ነገር ነው መግዛት ያለበት። ክንፎቹን ከበብ አድርጎ የሚይዝ መከላከያ የሚገጠምለት ይሁን። መለዋወጫ ክንፍ አብሮ ይገዛል። ከዚያ ዛፍም ሕዝብም የሌለበት ሜዳ ተሂዶ፣ አፍንጫው ወደ አንተ ሲዞር ግራና ቀኝ እንደሚገለበጥ እጅህ እስኪለምደው ይሠራል። ብዙ ሰው የሚጋጨው እዚያ ላይ ነው፤ ድሮኑ ፊቱን ወደ አንተ ሲያዞር ግራ ያልከው ቀኝ ይሄዳል። መመሪያውንም ማንበብ ነው። የዛሬ ልጅ መመሪያ ከካርቶኑ ጋር ይጥላል። ነፋስም አለ፦ መሬት ላይ ቅጠል ካላንቀሳቀሰ ላይም የለም ማለት አይደለም። ደግሞ ልጆች ባሉበት በጭንቅላታቸው ላይ ምን አስቦ ነው የሚያበርረው?

ቤቲ_ሳቅ፦
ጋሽ ሙሉጌታ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሰውዬው ዝናብ መጥቶበታል።

ናሆም_ኤም፦
ጋሽ ሙሉጌታ አመሰግናለሁ፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ ነበሩ። አቤል፣ እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ። ዲጄአይ ሚኒ 3 ነው። ከ250 ግራም በታች ስለሆነ ፈቃድ ምናምን አይፈልግም፣ ለዚህ ብዬ ነው የገዛሁት። በሚቀጥለው ወር ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ይዤው ልሄድም ነው። ዛፉ ወፍራም ነው፣ የሚወጣበት አይደለም። ሴትዮዋ ቤት ያለች አይመስለኝም፣ አጥሩን ዘልዬ ልግባ?

ደጉ_ሰው፦
አትዝለል! የሰው ግቢ ነው፣ ያውም አሜሪካ። በር አንኳኳ፣ ከሌለች ወረቀት ለጥፍ።

ማውረጃው እንዲህ ነው። ካልሲ ውስጥ አንድ ጭብጥ ሩዝ ወይም ምስር ጨምርና ቋጥር። ቀጭን ጠንካራ ገመድ እሰርበት። ድሮኑን ሳይሆን የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ አሳልፈህ ወርውር፣ ከድሮኑ ወደ ጫፉ በኩል። ካልሲው ማዶ ሲወርድ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ቅርንጫፉን ቀስ እያልክ አወዛውዝ። አትጎትት፣ ቅርንጫፉ ተሰብሮ አናትህ ላይ ይመጣል። ከሥር ሁለት ሰው ጋቢ ወጥሮ ይቁም። ድንጋይ መወርወር ግን የለም፣ ካሜራውን ነው የሚመታው። የቀለም ቀቢዎች የሚረዝም ዘንግ ካለህ ደግሞ ያው ለመነቅነቅ ይሆናል።

ሄኖክ_አብራሪ፦
ማውረዱን ደጉ_ሰው ጨርሶታል። እኔ «ፈቃድ አይፈልግም» ያልከው ላይ ነኝ። ከ250 ግራም በታች ለመዝናኛ ብቻ ካበረርክ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ጋ መመዝገብ ነው የማያስፈልግህ። በቃ፣ ከዚያ አያልፍም። ትረስት የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተና ሁሉም የመዝናኛ አብራሪ ይወስዳል፣ ወረቀቱንም ይይዛል። ከ400 ጫማ በላይ አይወጣም፣ ከዓይን አይርቅም። አየር ክልሉ ደግሞ ከክብደት ጋር ምንም አያገናኘውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ማለት ከዋሽንግተኑ ሬገን ኤርፖርት 15 ማይል ዙሪያ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ያሉት አሌክሳንድሪያም፣ ፎልስ ቸርችም እንደዚያው። እዚያ ቀለበት ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ 249 ግራሙም ትልቁም አንድ ነው፣ አይነሳም። ትልቁን ባትሪ ከገጠምክለት ደግሞ ሚኒ 3 ራሱ 250 ግራም ያልፋል፣ ያኔ ምዝገባውም ይመጣል።

ናሆም_ኤም፦
ክልክል ቢሆን ኖሮ ድሮኑ ራሱ አይነሳም ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ አሳየኝ፣ እሺ ብዬ አለፍኩት፣ ተነሳ።

ሄኖክ_አብራሪ፦
ያ ድሮ ነው። በጥር 2015 አንድ ሰው ሌሊት ሲያበርር ያመለጠው ድሮን ዋይት ሀውስ ግቢ ወደቀ። እነ ዲጄአይ ያኔ ነው ዋሽንግተን ዙሪያ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ድሮናቸው እንዳይነሳ የቆለፉት። በጥር 2025 ግን አሜሪካ ውስጥ ቁልፉን አንስተው በማስጠንቀቂያ ተኩት። ስለዚህ «እሺ» ስትለው ኃላፊነቱን ወደ ራስህ ነው ያዞርከው። አፑ ዝም አለ ማለት ሕጉ ፈቀደ ማለት አይደለም።

ዘሪሁን_ቴክ፦
249 ግራም ነገር ማንን ይጎዳል? ሕግ አታብዙ።

ሄኖክ_አብራሪ፦
በዚያው ወር ሎስ አንጀለስ እሳት ሲነድ አንዱ ለመዝናናት ድሮን ለቀቀ። ወደ 2500 ሜትር ርቆ ከዓይኑ ጠፋበት፣ እሳት ለማጥፋት የሚበረውን አውሮፕላን ግራ ክንፉን በሳው። አውሮፕላኑ ጥገና ገባ፣ ሰውዬው ፍርድ ቤት ቆመ። ያ ሁሉ የመጣው ከዓይን ስለራቀ ነው። ጎረቤት ግቢ እንኳ ሰው ዓይን ላይ ቢያርፍ የሚሽከረከር ክንፍ ነው፣ ዘሪሁን።

ቤቲ_ሳቅ፦
ድሮኑ ዛፍ ላይ፣ እናንተ ዋይት ሀውስ ገብታችኋል።

ሚሚ_ፍራንክፈርት፦
እኛ ጋ ጀርመን ከ250 በታች ቢሆንም ካሜራ ካለው አብራሪው ይመዘገባል፣ ቁጥሩም ድሮኑ ላይ ይለጠፋል። ኢንሹራንስ ደግሞ ግዴታ ነው። የኔ ሰውዬ ሳይለጥፍ ይዞ ሲወጣ ነው ያስመለስኩት። ናሆም፣ ወረደ?

ናሆም_ኤም፦
ሴትዮዋ ቤት ነች! በሩን ከፍታልኛለች፣ ውሻዋንም አሰረችልኝ። ባለቤቴ ጋቢ ይዛ ወጥታለች። ካልሲው ሁለቴ ባዶ ሄዶ ወርዷል፣ አሁን ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጧል ግን አይወርድም። ሩዙ ቀለለ መሰለኝ። ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። መጣሁ።

ደጉ_ሰው፦
ምስር ጨምርበት፣ ይከብዳል። መብረቅ ካለ ግን ከዛፉ ሥር ጥፉ፣ ድሮኑ ይደር።

ዘሪሁን_ቴክ፦
ካልተገኘ «ፋይንድ ማይ ድሮን» አለ።

ካሜራው_ዳኒ፦
ናሆም፣ ሲወርድ ወዲያው አታስነሳው። መጀመሪያ አጥፋው፣ ባትሪውን አውጣ፣ ሚሞሪውንም። ባትሪው አብጦ፣ ተሰንጥቆ ወይም ሞቆ ከሆነ ቻርጀር ላይ እንዳታደርገው፣ ቤትም አታስገባው። ሲሚንቶ ላይ ውጪ አስቀምጠው፣ ከዚያ የባትሪ መጣያ ቦታ ትወስደዋለህ። እርጥበት ከነካው ደግሞ ድሮኑን ፀጉር ማድረቂያ አትንፋበት፣ አየር ላይ ይድረቅ። ክንፉ አቅጣጫ አለው፣ ስትቀይር ሞተሩ በተገጠመበት ክንድ ላይ ያለውን ምልክትና የክንፉን ምልክት አመሳስል፣ ካልሆነ ሲነሳ ይገለበጥብሃል። ኢንሹራንሱን ከድሮኑ ጋር ገዝተህ ከሆነ የተሰበረውን ሳትጥል መልስ፣ አካሉ ከሌለ የሚቀይሩልህ በሌላ ስሌት ነው።

አቤል_ከአዲስ፦
ሠርጉ ላይ ልመለስ። ድሮን ይዘህ ቦሌ ስትደርስ አስቀድመህ የወሰድከው ፈቃድ ከሌለ ጉምሩክ ይዞ ያስቀርብሃል። «ለሠርግ ነው፣ ትንሽ ነው» ማለት አይሠራም። ካስቀሩብህ ለሠርጉ አይደርስም፣ ስትመለስ ነው የምታገኘው። እዚህ ፈቃድ ያላቸው የድሮን ቪዲዮ ባለሙያዎች አሉ፣ እህትህ ከመካከላቸው አንዱን ትቅጠር። አንተ እጅህን አወዛውዘህ ግባና ጨፍር።

ሄኖክ_አብራሪ፦
አቤል ልክ ነው። ከሄደም መለዋወጫ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ነው። ናሆም ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለሰው ሠርግ እየተከፈለህ ልትቀርጽ ብታስብ መዝናኛ መሆኑ ያበቃል። ኤፍኤኤ 107 የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል፣ 60 ጥያቄ ያለው ፈተና ነው፣ 175 ዶላር። ለልጅህ ለማብረር ግን እሑድ ወደ ፍሬድሪክ ከተማ በኩል ወጣ በል፣ ሜዳ ፈልግ። እዚያም ኤርፖርት ስላለ ከመነሳትህ በፊት የት ማብረር እንደሚቻል በሚያሳየው «ቢፎር ዩ ፍላይ» ላይ ቦታውን እይ። ብሔራዊ ፓርክ የሚባሉትን ተዋቸው፣ ዋሽንግተን ያለው ሮክ ክሪክም ከእነሱ አንዱ ነው፣ ድሮን ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው።

ጋሽ_ሙሉጌታ፦
እኔ መጀመሪያ ያልኩትን ነው የደገማችሁት።

ሚሚ_ፍራንክፈርት፦
ናሆም ዝም አለ። ዝናቡ ወሰደው?

ቤቲ_ሳቅ፦
ናሆም፣ ካልወረደ ሴትዮዋን የዛፍ ኪራይ ጠይቃት። ከወረደ ደግሞ በስንት ትሸጠዋለህ?

ዘሪሁን_ቴክ፦
ባትሪው ካላበጠ እኔ ቀድሜያለሁ።