ነጋዴ ሽጉጥ ታጥቆ ይዋል ወይስ አይዋል? የአዳማ ልጆች ክርክር

እህል ነጋዴ፣ ፍራንኮ አካባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘኔን ዘግቼ ወደ ቤት ስሄድ ሁለት ልጆች ከጨለማ ወጥተው አስቆሙኝ። አንዱ ጩቤ አንገቴ ላይ አደረገ፤ ሌላው ጃኬቴን ከፍቶ የቀኑን ሽያጭ፣ ስልኬንና የጋብቻ ቀለበቴን ወሰደ። ገንዘቡ ይተካል። አልለቅ ያለኝ የጩቤው ቅዝቃዜ ነው። ልጄ ከኋላ መጥቶ ሲያቅፈኝ እንኳ እደነግጣለሁ።

ጓደኞቼ «ሽጉጥ ያዝ» ይሉኛል። አንዱ «በእጅ አዙር የቱርክ ላምጣልህ» ብሎኝ እምቢ አልኩ፤ ከያዝኩ በሕግ ነው የምይዘው። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በልብስ ስር ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የሚውል ትንሽ ሽጉጥ የትኛው ይሻላል? ደግሞስ እንደኔ ያለ ሰላማዊ ሰው ታጥቆ መዋሉ ልክ ነው ትላላችሁ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦
እንኳን ነፍስህን አተረፈልህ ወንድሜ። ልክ ነው፣ መፈቀድም አለበት። ጩቤ አንገትህ ላይ ያደረገው ልጅ ከማን ፈቃድ ጠየቀ? እኔ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው መንገድ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ረዳቴ ለእርዳታ ሄዶ፣ ካቢና ውስጥ ብቻዬን ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልቆጥራቸውም። ውጪ ኮቴ ስሰማ በእጄ ያለው የጎማ መፍቻ ብቻ ነው። ደውዬ ማን ይደርስልኛል? ሕግ አክባሪው ባዶ እጁን፣ ወንበዴው ታጥቆ፤ ይህ ነው ፍርዱ?

ዳላስ የምኖር የአዳማ ልጅ፦
እኔ ሌሊት ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ስለምሠራ ታጥቄ ነው የምውለው። ቴክሳስ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ ይዞ መሄድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከልምድ ልመልስ።

ሰው ሁሉ «ትንሽ ይሁን፣ ትንሽ ይቀላል» ይላል። ለመደበቅ ይቀላል፣ ለመተኮስ ግን ይከብዳል። ሽጉጡ አጭርና ቀላል በሆነ ቁጥር ሲተኮስ እጅህ ላይ ይዘላል፤ አፈሙዙ ስላጠረም ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ጥይቱን አርቆ ይወስደዋል። እኔ የያዝኩት ሲግ ፒ365 ነው። በ2018 የወጣ ሲሆን ካዝናው አስር ጥይት ይይዛል፤ እጅ መዳፍ ውስጥ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ከሱ በፊት የነበረኝ ግሎክ 19 ባዶውን 600 ግራም ገደማ ነው፣ ካዝናው 15 ይይዛል። በግሎኩ በተሻለ እመታ ነበር፣ ግን በበጋ በቲሸርት ስር አልደበቅ አለኝ። የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ካፖርት ለብሶ የሚውል ሰው የለም።

ስትመርጥ እጀታውን ጨብጠህ ትንሿ ጣትህ አየር ላይ መቅረት አለመቅረቷን እይ። ከቀረች ሽጉጡ ላንተ እጅ አንሷል። ሌላው ማህደሩ ነው፣ ሽጉጡ ወገብ ላይ የሚገባበት ኪስ ማለቴ ነው። ምላጩን፣ ማለትም ለመተኮስ በጣት የሚሳበውን፣ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር ከሌለህ ሽጉጡን አትግዛ።

ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ፦
የዳላሱ ልጅ ደህና ተናገረ። እኔ ደግሞ እዚህ አገር እጅ ላይ ስለሚገኘው ልናገር፣ ለሃያ ዓመት ያህል መሣሪያ ስለያዝኩ።

ማካሮቭን በደንብ አውቀዋለሁ። ሶቪየቶች በ1951 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው የተቀበሉት ነው። ባዶውን 730 ግራም፣ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ካዝናው ስምንት ጥይት። መጠበቂያው ጎኑ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ሲሆን ተቆልፏል፣ ወደ ታች ሲሆን ተከፍቷል። ለመጀመሪያው ጥይት ምላጩ ሲሳብ ይከብዳል፤ ይህ ክብደት ስንቱን ሰው ከስህተት አድኖታል። ጥይቱ የራሱ ነው፣ ዘጠኝ በአስራ ስምንት ይባላል። የግሎኩ ዘጠኝ በአስራ ዘጠኝ ነው፤ ሁለቱን «ዘጠኝ ሚሊ ነው፣ አንድ ነው» ብሎ የሚሸጥልህን ሰው አትመነው።

ቶካሬቭ የሚባለውን ሌላውን የሶቪየት ሽጉጥ የሚያቀርብልህ ካለ ይቅርብህ። ቀጭን ስለሆነ ወገብ ላይ አይታወቅም፣ ነገር ግን በመጀመሪያው አሠራሩ የእጅ መጠበቂያ የለውም። ጥይቱም እጅግ ፈጣን ነው፤ ሌባውን አልፎ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ በስቶ ጎረቤትህ ጋ ይገባል። የድምፅ ሽጉጥ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ የተቀየረውን ደግሞ በነፃም ቢሰጡህ አትንካው። ብረቱ ለዚያ ግፊት አልተሠራም፣ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከነገርኩህ በኋላ አንድ ነገር ሞክርልኝ። ቤትህ ግባና የመጋዘን ቁልፎችህን ወገብህ ላይ ሻጥ፣ በጃኬትህ ሸፍነው። አንድ ሰው ሦስት ሜትር ርቆ ይቁም። ሚስትህ ስታጨበጭብ እሱ ወዳንተ ይሩጥ፣ አንተ ቁልፉን አውጥተህ ፊት ለፊት ያዝ። አሥር ጊዜ ሞክረውና ውጤቱን እዚህ ጻፍልኝ።

ነርስ፣ አዳማ፦
ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ የሚያውቁትን መሣሪያ እኔ በሌላ በኩል ነው የማውቀው፤ አልጋ ላይ።

ወንድሜ ሽጉጥ ነበረው። በሕግ የተመዘገበ፣ ወረቀቱ የተሟላ። ማህደር አልነበረውም፤ ሱሪው ውስጥ በቀበቶ ብቻ ይዞት ይሄዳል። አንድ ቀን ከባጃጅ ሊወርድ ጎንበስ ሲል ባረቀበት። ጥይቱ ከወገቡ ወደ ታች ሄዶ ጭኑን በሳው። የጭን ትልቁ ደም ስር ከተበጠሰ ሰው የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፤ የሚያድነው ቦታው ላይ ወዲያውኑ አጥብቆ የሚጫን ወይም ከቁስሉ በላይ አጥብቆ የሚያስር ሰው ነው። የባጃጁ ልጅ በራሱ ሸሚዝ አሰረለት። ወንድሜ ተርፏል፣ ዛሬም ግን ያነክሳል። ያ ልጅ ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅነውም፤ አግኝቼ እጁን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜን የዘረፈው ሰው አልነበረም። ጠላትም አልነበረውም። እናም ነጋዴው ወንድሜ፣ ጩቤው እንዳስፈራህ ይገባኛል፣ አልንቀውም። ግን ያ ልጅ የጋብቻ ቀለበትህን ይዞ ሄደ፤ አንተ ደግሞ ቤትህ ገባህ። ያን ማታ ሽጉጥ ቢኖርህ ኖሮ፣ ጩቤው ቀድሞ አንገትህ ላይ ነው ያለው፤ እጅህ ወደ ወገብህ ሲወርድ ምን ያደርግ ነበር ብለህ ታስባለህ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦
እህቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት። ግን እሱን የጎዳው ማህደር አለመኖሩ ነው፣ የዳላሱ ልጅም ያለው ይህንኑ ነው። መኪና ሰው ስለገደለ መኪና ይከልከል አንልም፤ መንጃ ፈቃድ እንሰጣለን፣ እናስተምራለን። ለሽጉጥም እንዲሁ ይደረግ።

ነርስ፣ አዳማ፦
እሺ፣ የት ነው የሚማረው? አንተ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ማሠልጠኛ ገብተህ ወራት ተምረሃል። ለእህል ነጋዴ ወይም ለሹፌር የተከፈተ የተኩስ መለማመጃ አዳማ ውስጥ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ጠበቃ፦
ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ፣ ክርክሩ መሬት እንዲይዝ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚገዛን። ተቆጣጣሪው የፌደራል ፖሊስ ኮሚሽን ነው። መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው፤ «ራሴን ልከላከልበት ነው» ማለት ፈቃድን አይተካም። ፈቃዱም በስምህ የሚሰጥህ ነው፣ ለወንድምህ ወይም ለጥበቃህ አታውሰውም።

ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱት ግን ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ ባለው ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የተቃረበ ወይም እየተፈጸመ ያለ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። አሁን የነጋዴውን ማታ እንይ። ጩቤው አንገቱ ላይ ሳለ ቢተኩስ ሕጉ ይሰማዋል። ልጆቹ ገንዘቡን ይዘው ሲሮጡ ከኋላ ቢተኩስ ግን ጥቃቱ አልፏል፤ ያ መከላከል ሳይሆን ቂም ነው፣ በግድያ ያስጠይቃል። ከልክ ካለፈ ደግሞ አንቀጽ 79 አለ። ፍርድ ቤቱ ድንጋጤውንና ፍርሃቱን አይቶ ቅጣት ሊያቀል፣ እስከ ነፃ ማድረግም ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ግን ከክስና ከምርመራ በኋላ የሚመጣ ነው።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ በግልጽ ለተለየ አደጋ ለተጋለጠ ሰው፣ እንደ ሹፌሩ ሌሊት በረሃ ለሚያድር፣ ፈቃዱ በጥብቅ ሥልጠና ይሰጠው እላለሁ። ከተማ ውስጥ ታጥቆ መዋልን ግን እቃወማለሁ።

አስተናጋጅ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ማታ የምንሠራ ሴቶች ሽጉጥ የምናየው ከሌባ እጅ ብቻ አይደለም። ሒሳብ ስንጠይቅ ጃኬቱን ከፈት አድርጎ ወገቡን የሚያሳየን ደንበኛ አለ። ምንም አይናገርም። እኔም ሒሳቡን ከደመወዜ እከፍላለሁ። ያ ሰው ቀን ሱቅ ያለው፣ የተከበረ ነጋዴ ነው፤ ፈቃድም አለው ይባላል።

ዳላስ የምኖር የአዳማ ልጅ፦
እህቴ ያልሽው አንገቴን አስደፋኝ። እዚህም ሕጉ ቢፈቅድም ከመጠጥ ጋር አይሄድም፤ ቴክሳስ ውስጥ ዋና ገቢያቸው ከመጠጥ የሆነ ቤቶች ሽጉጥ ይዞ መግባት ወንጀል ነው፣ በር ላይም በትልቁ ተጽፎ ይለጠፋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እኔ በወር ሁለት ጊዜ ተኩስ መለማመጃ እሄዳለሁ። አንድ ወር ከዘለልኩ በእጄ ይታወቀኛል። ነርሷ የጠየቀችውን ጥያቄ እዚህ ሆኜ ልመልስ አልችልም።

እህል ነጋዴ፣ ፍራንኮ አካባቢ፦
ሃምሳ አለቃ፣ ያሉኝን አደረግኩ። ቅዳሜ ማታ፣ ሳሎን ውስጥ። ሚስቴ አጨበጨበች፣ የአስራ ሁለት ዓመት ልጄ ሌባ ሆነ።

በመጀመሪያው እጄ የጃኬቱን ዚፕ ነው የያዘው። በሁለተኛው ቁልፉ ከሸሚዜ ጋር ተጠላለፈ። አሥር ጊዜ ሞክረን ልጄ ሳይደርስብኝ ቁልፉን ያወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ምንጣፉ አደናቅፎት ነው። በሰባተኛው ላይ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ። ልጄ ሳቀ፣ ሚስቴ ግን አልሳቀችም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ያን ጊዜ የነጠቀህ ሽጉጥ ቢሆንስ?» አለችኝ። ቀጥላም «ሌሊት የት ነው የምታስቀምጠው?» አለች። ትንሿ ልጃችን ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ያልከፈተችው ቁም ሣጥን የለም።

ማመልከቻውን ጽፌ ነበር፣ መሳቢያ ውስጥ አለ። አልቀደድኩትም። ለጊዜው ግን ሽያጩን በቴሌብርና በባንክ እንዲከፍሉኝ ደንበኞቼን መጠየቅ ጀምሬያለሁ፤ ጥሬ ብር ይዤ ላለመሄድ። መጋዘኑንም አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጎረቤቶቼ ጋር አብረን ነው የምንዘጋው። አራት ሰዎች ሆነን እስከ አስፋልቱ እንሸኛኛለን።

ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ፦
ጎበዝ። የአሥር ጊዜውን ውጤት ሳትደብቅ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው። ወታደር እንኳ ይደብቀዋል።

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦
ለአንተ ደስ ብሎኛል። አራት ሰው የሚሸኝህ ጎረቤት አለህ፣ ባንክም አጠገብህ ነው። እኔ ዛሬ ማታ ተነስቼ ነገ ሌሊት በረሃ ነኝ። ከእናንተ ጋር አልተስማማሁም። ጠበቃ፣ ያ «የተለየ አደጋ» ያልሽው ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ ከቻልሽ ነገ እስከ ምሳ ድረስ ጻፊልኝ፤ ከአዋሽ በኋላ ኔትወርክ አላገኝም።