ዓይን አፋር ፍሬሽ ነኝ፣ ካፌ ብቻዬን መግባት አቃተኝ

ፍሬሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሴት ነኝ ፍሬሽማን፣ ከደንበጫ ነው የመጣሁት፣ የደረሰኝ ደግሞ ደቡብ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ከገባሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው እስካሁን ደህና አድርጌ የማወራው ሰው የለኝም። ለማትሪክ ግቢ ገብተን ስንፈተን እንዲህ አልነበርኩም፣ ያኔ ሁሉም ፈርቶ ዝም ብሎ ስለነበር ነው መሰለኝ እኔም ከሰው እኩል ነበርኩ ሃሃ። ዶርም ስድስት ነን፣ አራቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ በወላይትኛ ያወራሉ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ስገባ ወደ አማርኛ ይቀይሩታል፣ ጨዋታቸውን ያበላሸሁባቸው እየመሰለኝ አልጋዬ ላይ ወጥቼ ስልክ ስነካካ አመሻለሁ። አሁን ተኮፋሽ ናት እያሉኝ ነው አሉ። ከሁሉም የባሰው ግን ካፌ ነው፣ ትሪ ይዤ የት እንደምቀመጥ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል ስለዚህ ምሳ እየዘለልኩ ከቤት የመጣ በሶ በጥብጬ እውላለሁ፣ እሱም እያለቀ ነው። ኖን ካፌ ልሁን ይሆን፣ ማለቴ የግቢውን ምግብ ትቼ ብሩን ልቀበል? ሎጂክ ክላስ ላይ ቲቸሩ ጠይቆኝ መልሱን እያወቅኩት አላውቅም አልኩ። ሐሙስ ደግሞ የኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ፕረዘንቴሽን አለብኝ። እንዲህ ሆኖ ያለፈለት ካለ ንገሩኝ በናታችሁ

አቦ_ቀለል፦
ብሮ አታካብድ ማንም ያንተን ትሪ አያይም፣ ሁሉም የሚያየው ወጡ ውስጥ ድንች መኖር አለመኖሩን ነው 😂 ማታ ማታ ሜዳ ውጣ ኳስ ተጫወት በሳምንት ግቢው ሁሉ ያውቅሃል

የጥግ_አልጋ፦
ሴት ነኝ ብላ ነው የጀመረችው አንብብ እንጂ።
እህቴ እኔ አሁን አራተኛ ዓመት ነኝ፣ 2015 ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢ ገብተው ከተፈተኑት ውስጥ ነኝ፣ እና እውነቱን ልንገርሽ ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ፣ አልለቀቀኝም ግን አላስቸገረኝም። መጀመሪያ ምሳሽን ብዪ! ካፌው እንደተከፈተ ሰልፍ ሳይበዛ ግቢ፣ ያን ሰዓት የሚመጡት ብዙዎቹ ብቻቸውን ናቸው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተቀመጪ፣ በሁለተኛው ሳምንት አጠገብሽ የምትቀመጠው ልጅ ራሷ ትናንት የት ጠፋሽ ትልሻለች። ኖን ካፌ አትሁኚ፣ ብሩ ወሩን አያደርስሽም፣ ደግሞ አሁን ያንቺ ችግር ምግቡ አይደለም።
ሌላው፣ በሶ ካመጣሽ ቆሎም ሳይኖርሽ አይቀርም መቼም የጎጃም እናት እሱን ሳትቋጥር አትልክም። ሎከር ውስጥ ምን ይሠራል? አውጪና መሀል ላይ አስቀምጪው፣ ምንም መናገር አይጠበቅብሽም ብሉ ብቻ በቂ ነው፣ እጅ ቆሎ ላይ ሲሆን ወሬው ራሱ ይመጣል። ልጆቹ ደግሞ ወደ አማርኛ የሚቀይሩት ስላከበሩሽ እኮ ነው፣ አንቺ ወደ አልጋሽ ስትወጪ እነሱ የሚያዩት የናቅሻቸው ሆኖ ነው። ሳሮ ብለሽ ግቢ አንድ ቀን፣ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው፣ አነጋገርሽ ያስቃቸዋል፣ ይሳቁ።

ጠመኔ፦
አስተማሪ ነኝ፣ ፍሬሽማን ነው የማስተምረው። ስሙን ስጠራው ድንግጥ የሚል ተማሪ በየሴክሽኑ አለ፣ እናውቃችኋለን፣ ሰነፍ ናት ብሎ የሚያስብ የለም። ግን ዝም ብለሽ አትለፊው፣ ፋይናሉ ከመቶ 50 ወይም 40 ነው የሚሆነው፣ ቀሪው በአሳይመንት በኩዊዝና በፕረዘንቴሽን ያልቃል፣ ዲፓርትመንት ስትመርጪ ደግሞ የፍሬሽማን ውጤትሽ ከኢንትራንሱ ጋር ይታያል። ክላስ ውስጥ መናገር ካቃተሽ ቢሮ ነይና ጠይቂ፣ ለአንድ ሰው መናገር ይቀላል። ለሐሙሱ ደግሞ ቢቻል ቀድመሽ ማቅረብ እፈልጋለሁ በዪ፣ ተራ እየጠበቁ መቀመጥ ነው ሰውን የሚጨርሰው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮች ብቻ በቃልሽ ያዢ፣ ሁሉንም ከሸመደድሽው አንዷ ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ሰንበት፦
ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ግቢ ጉባኤ ግቢ፣ ፕሮቴስታንት ከሆንሽ ፌሎሺፕ፣ ሙስሊም ከሆንሽ ጀመዓው አለልሽ፣ ሲኒየሮቹ ራሳቸው ፈልገው ያገኙሻል

የጥግ_አልጋ፦
@ሰንበት እሱ ጥሩ ነው ግን ከዶርም መሸሻ እንዳታደርገው። እኔ ፍሬሽ እያለሁ ጓደኞቼ ሁሉ ከዛ ነበሩ፣ ዶርም የምመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር፣ ሴሚስተሩን ሙሉ የአንዷን ልጅ ስም ሳላውቅ ቀረሁ። ታምሜ ማታ ክሊኒክ ይዛኝ የሄደችው ደግሞ እሷው ናት፣ ካርድ ክፍል ስሟን ሲጠይቁኝ ያፈርኩትን ማፈር...

ፍሬሿ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @አቦ_ቀለል ድንች የለም 😂
ዛሬ ምሳ በላሁ፣ ብቻዬን ነው ግን በላሁ። ማታ ቆሎውን አወጣሁት፣ ሳሮ ማለቱን ግን አፍሬ ተውኩት። አንዷ ሄዳ ከሻንጣዋ ኦቾሎኒ አምጥታ ደባለቀችበት፣ እንዴት ቆልተውት ነው ምናምን ተባለ፣ ከዛ እነሱ ወደ ወሬያቸው ተመለሱ፣ በወላይትኛ። ወደ አማርኛ አልቀየሩትም። ምንም አልገባኝም ግን ቆሎው እስኪያልቅ እዛው ተቀመጥኩ።