ሐምሌ 29 ማታ የዝናብ ዘፈን ይለጠፋል?

የደቻቱ ዳር፦ ትናንት ማታ «የዕለቱ ዘፈን» ተብሎ እዚህ የተለጠፈውን አይቼ ዝም ብዬ ልለፈው ብል አልሆነልኝም። ሰማዩ ይቀደድ፣ ጎርፉ ፍቅሬን ጠርጎ ደጄ ያድርስልኝ የሚል ዘፈን ነው። ከላዩ «ክረምቱን በዜማ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀኑ ሐምሌ 29 ነበር ጎበዝ! በ1998 በዚያች ሌሊት፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። አንድ ልጅ ከሥር ገብቶ «ዛሬ እኮ ሐምሌ 29 ነው» ቢል የተሰጠው መልስ «ዘፈን ቀን አይቆጥርም» ነው። አድሚኖች ይህን ፖስት አንሡልን።

ሳቢያን፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማንንም ላስከፋ ብዬ አይደለም። ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ በየቀኑ አንድ የክረምት ዘፈን እየለጠፍን ነው፤ ተራው የእኔ ነበር፤ የምወደውን መረጥኩ። ዘፈኑ የፍቅር ነው። የተሠራውም ከጎርፉ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። አሁንም የምለው ያንኑ ነው፤ ዘፈን ቀን አይቆጥርም። እንቁጠር ካልን ሐዘን የሌለበት ቀን ከየት ይመጣል? እርስዎም ረጋ ብለው ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

የደቻቱ ዳር፦ መጀመሪያ ነገር «እርስዎ» አትበለኝ፤ ድሬ ላይ አድገን አንቱታ አልለመደብንም፣ አንተ በለኝ። ሁለተኛ፣ ቀን የማይቆጥር ከሆነ «ክረምቱን በዜማ» ያልከው ምንድነው? ክረምት ቀን አይደለም? ሆያ ሆዬን ጥር ላይ ለጥፈህ ታውቃለህ? ሠርግ ቤት ገብተህ ሙሾ ታወርዳለህ? ወሩን ሙሉ ስትቆጥር ከርመህ እኛ ቀን ላይ ስትደርስ ነው መቁጠር ያቆምከው።

ባቡር ጣቢያ፦ እውነቱን ነው። ለቁልቢ ታኅሣሥ 19ም ሆነ ሐምሌ 19 ሳምንት ሲቀረው ነው መዝሙሩ የሚጀመረው። አሁን በቅርቡ እንኳ ስንት የገብርኤል መዝሙር እዚህ ተለጠፈ? ያኔ ማንም ቀን አይቆጠርም አላለም።

ሳቢያን፦ መዝሙርና ዘፈን አንድ ነው እንዴ? መዝሙር የበዓሉ ነው። ዘፈን የሰሚው ነው። እኔ ደስ ሲለኝ የሰማሁትን አንተ ሲከፋህ ልትሰማው ትችላለህ።

የከዚራዋ፦ እኔን ያናደደኝ የአንዱ ቀን ብቻ አይደለም፤ የወሩ ነው። የለጠፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጉም፣ ብርድ፣ ጋቢ፣ ጭቃ፣ ከሰል ዳር ቁጭ ብሎ እሸት መጥበስ። ይህ የማን ክረምት ነው? እኔ ሐምሌን በረንዳ ላይ ፍራሽ አውጥቼ ነው የማድረው፤ ቤት ውስጥ ከተኛሁ አንሶላው በላብ ይርሳል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ያጠብኩት ልብስ ገመዱ ላይ እንዳለ አቧራ ለብሶ ይጠብቀኛል። የእኛ ክረምት የሚታየው ከከተማው በላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው። እዚህ ጠብ ሳይል ላይኛው ደጋ ይዘንብና ደረቁ ደቻቱ ውሃ ይዞ ይመጣል። ይህን እያየ ያደገ ሰው ጎርፍን ፍቅረኛ እንዲያመጣለት አይልክም። የአዲስ አበባን ሰማይ ድሬ ላይ አትስቀሉብን ነው የምለው።

አፈተኢሳ፦ የእኛን ወቅት የሚያውቅ ዘፈን ካልሽ አሊ ቢራ አለልሽ። ሰውየው አሊ መሐመድ ሙሳ ነበር። ገና በልጅነቱ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ የዘፈነው ስለ ቢራ ነው፤ ስሙም ከዚያ ወጥቶ ቀረለት። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሚመጣው ወቅት ነው፣ ፀደይ ማለት ነው። ስሙን ከወቅት የወሰደ ዘፋኝ ያበቀለ ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ዘፈን ቀን አይቆጥርም» ይባላል?

ሳቢያን፦ እሺ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 አሊ ቢራ ያረፈ ዕለት አንተ የትኛውን ዘፈን ከፈትክ? እኔ ያንኑ የቢራውን ነው የከፈትኩት። የተስፋ ዘፈን ነው፤ እያለቀስኩ ሰማሁት። አየህ፣ ያ ዘፈን ለለቅሶ አልተሠራም፤ እኔ ግን አለቀስኩበት። ቀን አልቆጠረም።

አፈተኢሳ፦ ጥቅምት እኮ ቢራ ነው! በስሙ ወቅት ነው የሄደው፣ በወቅቱ ነው የሰማኸው። ለእኔ ነው የመሰከርክልኝ።

ባሕረ ሐሳብ፦ በመሐል ገባሁ፣ ግን «ፀደይ ማለት ነው» የተባለው ስሕተት ነው። ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣው መፀው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፣ ከክረምት በፊት። እንቁጣጣሽ ራሱ ገና ክረምት ውስጥ ነው፤ ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ዘፈኖቻችን ሁሉ መስከረምን ፀደይ እያሉ ልጆቻችንን አሳሳቱብን።

አፈተኢሳ፦ ሰው ሁሉ አደይ ሲፈነዳ ፀደይ ነው የሚለው። ቋንቋ የሰው ነው።

ባሕረ ሐሳብ፦ ሰው ሁሉ ስለተሳሳተ ልክ አይሆንም። መፀው የሚባል የሚያምር ቃል እያለን ለምን ይሞታል?

የከዚራዋ፦ መፀውም በሉት ፀደይ፣ ድሬ ሜዳ ላይ አደይ ለማየት ሽቅብ ወደ ደጋው መውጣት አለብኝ። ደግሞ የእኛ ዝናብ ክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግም አለ። ሚያዝያ 2012 ላይ ጎርፍ የመጣው በማን ክረምት ነው? እናንተ ወር ስትከፋፍሉ እኛ ወንዙን ነው የምናየው።

ጀጎል ውስጥ፦ ይህ ክርክር ሐረር ላይ አይነሣም፣ ምክንያቱም እኛ ዜማ ቦታና ቀን እንዳለው ከልጅነታችን ነው የምናውቀው። ሸዋል ኢድ ሲደርስ፣ ስድስቱ የሸዋል ጾም አልቆ ሌሊቱን በዚክሪ፣ በመንፈሳዊው ዜማ፣ ስናነጋ፣ ከበሮው በምን ሰዓት እንደሚከብድ አያቴ ሳትነግረኝ ሰውነቴ ያውቀዋል። ዩኔስኮም በ2016 የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህንን ነው። ያንን ዚክሪ አውጥተህ ማክሰኞ ቀን ባጃጅ ውስጥ ብትከፍተው ድምፁ ያው ነው፤ ነገሩ ግን የለም። የደቻቱ ዳር ትክክል ነው።

ባቡር ጣቢያ፦ አቦ ሐረር ሁልጊዜ እንደ አስተማሪ ነው የምትገባው። ጀጎል ግንብ አለው፤ በሩ ይታወቃል፣ ቀኑም ይታወቃል። ድሬ ግን ባቡሩ በ1895 ሲገባ የተቆረቆረች ናት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ የየራሱን ዜማ ይዞ ነው የመጣው። እኛ ዜማ ላይ በር አንዘጋም።

ጀጎል ውስጥ፦ ከላይ «እውነቱን ነው» ብለህ ቀን ይቆጠር ያልከው አንተ ነህ። አሁን ሐረር ስለተናገረች ነው የዞርከው?

ባቡር ጣቢያ፦ አልዞርኩም። ሐምሌ 29 የድሬ ጉዳይ ነው፣ ድሬ ይነጋገርበት ነው የምለው።

ጀጎል ውስጥ፦ አክስቴ ያን ሌሊት እዚያው ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ነበረች። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ባቡር ጣቢያ፦ ይቅርታ። አላወቅኩም።

የገንደቆሬዋ፦ ሁሉንም ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። የተለጠፈውን ዘፈን አውቀዋለሁ። እናቴ ማታ ማታ ቡና አፍልታ የምትከፍተው እሱን ነበር። ቤታችን ከወንዙ ብዙም አይርቅም ነበር። እናቴን ያን ሌሊት አጣናት። ከሦስት ቀን በኋላ ቴፑን ከአሸዋ ውስጥ ቆፍረን አወጣነው፣ ካሴቱ ውስጡ ነበር። ወንድሜ ብሎኖቹን ፈትቶ ክሩን አወጣው፣ ለብ ባለ ውሃ እየነከረ በጥጥ ጠራረገው፣ ጥላ ላይ አደረቀው፣ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ አድርጎ ጠቅልሎ ሌላ ካሴት ሆድ ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን ሙሉ ፈጅቶበታል። ጣቱ ሥር የቀረው አሸዋ ዛሬም ይታየኛል። ይሠራል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ግን ድምፁ ይዋጣል፤ ክሩን አሸዋው የጫረው እዚያ ጋ ነው። እኔ በየዓመቱ ሐምሌ 29 ማታ ቡና አፍልቼ ያንን ካሴት እከፍታለሁ። ዝናብ የሚለውንም ጎርፍ የሚለውንም እሰማዋለሁ። የእናቴ ዘፈን ነው። ትናንት የተለጠፈውን ጥርት ያለውን ስከፍተው ካሴቴ ላይ የተዋጠውን ስንኝ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ቃሉን ረስቼው ነበር። ስለዚህ እንዲነሣ አልፈልግም።

የከዚራዋ፦ ነፍሷን በገነት ያኑርልን እህቴ።

አፈተኢሳ፦ አላህ ይዘንላት። አብሽሪ።

ሳቢያን፦ እህቴ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ነፍስ ይማር። ይህን ሳላውቅ ነው የለጠፍኩት።

የደቻቱ ዳር፦ ነፍስ ይማር። አንቺን ልከራከርሽ አፍም የለኝ። ግን አንድ ነገር ልበል፤ አንቺ ስትከፍቺው ቀኑን ቆጥረሽ ነው። በየዓመቱ፣ በዚያው ማታ፣ በዚያው ካሴት። ከእኔ ይልቅ ቀን የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ። እሱ ግን አላወቅኩም ይላል። ልዩነቱ ይኸው ነው። እኔም ከዚያ ሌሊት የቀሩብኝ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ስልኬ ላይ «ጎርፉ ያምጣልኝ» የሚል ድምፅ ሳልጠብቀው ሲመጣብኝ ስልኩን ነው የወረወርኩት። አንቺ በርሽን ዘግተሽ መርጠሽ ትሰሚዋለሽ። እኔ አልመረጥኩም።

የገንደቆሬዋ፦ እኔስ ትናንት መቼ መርጬ ሰማሁት? አንተን ያቆሰለህ እኔን አዳነኝ። የማን ይቅደም?

የደቻቱ ዳር፦ ቢያንስ ከላዩ «ክረምቱን በዜማ» የሚለው ይነሣ። የሞቱት ስም እንኳ ባይጻፍ ቀኑ ይጻፍበት። «ዘፈን ቀን አይቆጥርም» ያለውንም ይሰርዘው።

ባቡር ጣቢያ፦ ሳቢያን፣ አንተ መቼ ነው ድሬ የገባኸው? ያን ሌሊት የት ነበርክ?

ሳቢያን፦ በ2004 ነው የመጣሁት። ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል። ያን ሌሊት አለመኖሬ ዘፈን ከመምረጥ ያግደኛል?

የከዚራዋ፦ ባቡር ጣቢያ፣ አፍህን ሰብስብ። ድሬ ላይ መጤ የሚባል ቃል የለም። ከላይ ግሪኩን አርመኑን ስትቆጥር አልነበር? እኔም እሱን ነው የምቃወመው፣ ግን በሐሳቡ እንጂ በመጣበት ዓመት አይደለም።

ባቡር ጣቢያ፦ መጤ አላልኩም። የት ነበርክ ነው ያልኩት።

የከዚራዋ፦ ያው ነው።

ሳቢያን፦ «ክረምቱን በዜማ» የሚለውን አነሣለሁ። ቀኑንም እጽፍበታለሁ፤ «ሐምሌ 29፣ 1998» ብዬ። ዘፈኑን ግን አላነሣም፤ ያልኩትንም አልሰርዝም። እህታችን ራሷ የፍቅር ዘፈንን የእናት አደረገችው፤ ዘፈኑ ቀን ቢቆጥር ኖሮ ይህን አይፈቅድላትም ነበር።

አፈተኢሳ፦ ሰውዬው አሁንም አልገባውም። የቆጠረችው እሷ ናት!

ባሕረ ሐሳብ፦ ስትጽፍ «ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ» በለው። ውሃው የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

የደቻቱ ዳር፦ ቀኑ ተጽፎም ቢሆን ዘፈኑ እዚያ ካለ እኔ አልተስማማሁም። አድሚኖች እስካሁን ዝም ብላችኋል። ይህን ሁሉ ሰው እያያችሁ አንድ ቃል አትተነፍሱም?

የገንደቆሬዋ፦ ከተነሣም ከመነሣቱ በፊት ንገሩኝ። ያን ስንኝ ልጻፈው።

የከዚራዋ፦ ክርክሩን ተዉትና አንዴ ስሙኝ፤ አሁን በረንዳ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ደንገጎ ጥቁር ብሏል፣ መብረቁም ይታያል። ደቻቱ አሸዋው ላይ ዕቃ የዘረጋ ዘመድ ያላችሁ ደውሉ፣ ያንሡ።

ጀጎል ውስጥ፦ እዚህ ሐረር መዝነብ ጀምሯል።

ባቡር ጣቢያ፦ ወንድሜ እዚያ ነው የሚነግደው፣ እየደወልኩ ነው። አያነሣም።

የደቻቱ ዳር፦ እኔ ቅርብ ነኝ፣ ወርጄ አየዋለሁ። የትኛው ጋ ነው?

ባቡር ጣቢያ፦ ከድልድዩ በታች፣ ሰማያዊ ሸራ የወጠረው።