የውሃ ሂሳብ በስልክ መክፈል የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ናችሁ? እናቴ የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት የውሃ ሂሳቧን የምከፍልላት እኔ ነኝ። ሥራዬ ደግሞ መርካቶ ነው። ታክሲ ተሰልፌ መክፈያው ቦታ እስክደርስ የሥራ ሰዓት ያልቃል።

ድሮ «ለሁሉ» የሚባለው የክፍያ ማዕከል ሄደን የውሃውንም የመብራቱንም ባንድ ቦታ እንከፍል ነበር። አሁን በቴሌብርም በሲቢኢ ብርም ቤት ተቀምጦ መክፈል ይቻላል። ግን የደንበኛ ቁጥር ያስፈልጋል። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

እናቴ ደረሰኞቹን መስኮት አጠገብ በላስቲክ አስራ አስቀምጣቸው ነበር። ፀሐይ መትቷቸው ቀለማቸው ለቋል። የደንበኛ ቁጥሩ መጀመሪያው ይታያል፤ መጨረሻው ጠፍቷል። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ፎቶም አንስቼዋለሁ። ግን ከደረሰኙ ጋር አይገናኝም። ውሉም እስካሁን በቀድሞው ባለቤት ስም ነው፤ ሰውየውን ደግሞ ማግኘት አልቻልንም።

በቆጣሪ ቁጥር ብቻ የደንበኛ ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል? ቅርንጫፍ ድረስ መሄድ ግድ ከሆነስ፣ ምን ይዤ ልሂድ? የቤቱ ካርታ ኮፒ ይበቃል ወይስ የእናቴ መታወቂያም ይጠየቃል? ስም ሳይዛወር መክፈሉ ችግር አለው?

ውዝፉ እየተጠራቀመ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ላይ ከተቆረጠባት እናቴ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ መውጣት አትችልም። እንዲህ ገጥሟችሁ የፈታችሁ ካላችሁ፣ በእናታችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።