የሱቄ ብድር ወለድ ከባንክ ለባንክ ወለድ ጋር ይታሰር?

ባለሱቁ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመለዋወጫ ሱቄ የወሰድኩት ብድር አለ። ባለፈው ዓመት ከባንኬ ደብዳቤ መጣ፤ ወለዱ ሁለት መቶኛ ነጥብ ጨምሯል ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ባንኩ ተመኑን መቀየር እንደሚችል ውሉ ላይ አለ" ተባልኩ። አገላብጬ አየሁት፤ እውነትም አለ። በሌላ አገር ግን የብድር ወለድ ባንኮች እርስ በርስ ከሚበዳደሩበት ወለድ ጋር ይታሰራል። "ማጣቀሻው ላይ ሦስት ይደመር" ይባላል፤ ማጣቀሻው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። እኛም አገር ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያ ተከፍቷል። ታዲያ በሕግ ለምን አይታሰርም? እኔ ይታሰር ባይ ነኝ። ቢያንስ ለምን እንደጨመረብኝ አውቃለሁ።

ትሬዠሪ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። የምሠራው ባንክ ውስጥ፣ ከሌሎች ባንኮች ጋር ብር የሚያበድርና የሚበደረው ክፍል (ትሬዠሪ) ስለሆነ ግን ልቃወምህ። ቀኑ ሲያልቅ አንዱ ባንክ ብር ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል። የተረፈው ለጎደለው ለአንድ ሌሊት ወይም ለጥቂት ቀን ያበድራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ይህን ገበያ የሚመራበትን ወለድ፣ የፖሊሲ ወለዱን፣ 15 በመቶ አደረገ፤ ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ነጥብ ሰጠው። ትርፍ ብር እሱ ዘንድ ብታስቀምጥ 12 ታገኛለህ፤ ስለዚህ ለሌላ ባንክ ከ12 በታች የሚያበድር የለም። መያዣ ካለህ ከእሱ በ18 ትበደራለህ፤ ስለዚህ ከ18 በላይ የሚከፍል የለም። የገበያው ወለድ በዚህ መሃል ይዋልላል። ግን ገበያው ገና ጨቅላ ነው። በጥቂት ግብይት የወጣ ቁጥር ላይ የአንተን የአምስት ዓመት ብድር ማሰር ያስፈራኛል።

ከለንደን፦ እኔም ፍርሃቱን እጋራለሁ። ላይቦር የሚባለው የባንክ ለባንክ ወለድ ማጣቀሻ እዚህ ከተማ ተወልዶ እዚሁ ሞተ። አሠራሩ ቀላል ነበር። በየሥራ ቀኑ ረፋድ ላይ ትልልቅ ባንኮች "ዛሬ ብትበደሩ በስንት ታገኛላችሁ?" ይባላሉ። ከላይና ከታች ያሉት መልሶች ይጣሉና የመሃሉ አማካይ ይወጣል። ልብ በሉ፤ የሚጠየቁት በስንት እንደተበደሩ አይደለም። በስንት እንደሚያገኙ የሚገምቱትን ነው። የቤት ብድሩም፣ የኩባንያውም፣ የመንግሥታትም ዕዳ በዚህ ግምት ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቀውስ ጊዜ በእውነት የሚያበድራቸው ሲጠፋ፣ የተቸገሩ እንዳይመስሉ ዝቅ ያለ ቁጥር የሰጡ ነበሩ። ከዚያም በፊት ከላይቦር ጋር የታሰሩ ውሎችን የሚገዙና የሚሸጡ የባንኮቹ ነጋዴዎች "ዛሬ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ" እያሉ ቁጥር ሰጪውን ይለምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባርክሌይስ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ብቻውን ወደ 290 ሚሊየን ፓውንድ ተቀጣ።

ባለሱቁ፦ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ላይቦርን አዛብቷል ተብሎ የታሰረውን የባንክ ነጋዴ የቶም ሄይስን ፍርድ አልሻረም እንዴ? ታዲያ ጥፋቱ የት አለ?

ከለንደን፦ ሽሯል፤ ሰውየው ዓመታት ታስሮ ከወጣ በኋላ። የሻረው ግን ዳኛው ጥፋተኝነቱን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች (ለጁሪው) የሰጠው መመሪያ ስህተት ነበር ብሎ ነው። ላይቦር ንጹሕ ነበር አላለም። ለእኔ ዋናው ጥፋት ሰዎቹ ላይ አይደለም፤ ጥያቄው ላይ ነው። ግምት የሚጠይቅ ማጣቀሻ ለገማቹ ጥቅም በር ይከፍታል።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ ላይቦር የተተካው ሶፈር በሚባል ማጣቀሻ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ቅርንጫፍ የሆነው የኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ በየሥራ ቀኑ ጠዋት ያወጣዋል። ማንንም ግምት አይጠይቅም፤ በአሜሪካ መንግሥት የዕዳ ሰነድ መያዣነት ለአንድ ሌሊት የተደረገ የእውነት ብድር ነው የሚቆጠረው፣ በቀን ከትሪሊየን ዶላር በላይ። የቤቴ ብድር ወለድ ከእሱ ጋር የታሰረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲያልቁ በየስድስት ወሩ ይቀየራል፣ ስንት እንደሚሆን እኔው በእርሳስ አሰላዋለሁ። ባለሱቁ ትክክል ነው። ማወቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ትሬዠሪ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 17፣ 2019ን ታስታውሻለሽ? ሶፈር በአንድ ቀን ከ2.43 ወደ 5.25 በመቶ ዘለለ። ያን ያህል ጥልቅ ገበያ ውስጥ! በእኛ ጥቂት ባንኮች፣ አንዱ ግዙፍ በሆነበት ገበያ፣ አንድ ትልቅ ተበዳሪ የቸገረው ዕለት ምን ሊሆን ነው?

ከቨርጂኒያ፦ አስታውሳለሁ። ለዚህ እኮ ነው የእኔ ውል የአንድ ቀን ቁጥር የማይወስደው። የ30 ቀን አማካይ ነው። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ ከስንት በላይ እንደማይጨምር፣ በብድሩ ዕድሜም ከስንት እንደማያልፍ ተጽፏል። ጣሪያ የሌለው ማጣቀሻ እኔም አልፈርምበትም።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ የገበያው ቁጥር ካልታመነ ከፖሊሲ ወለዱ ከ15ቱ ጋር ይታሰር። እሱን ሁሉም ያያል።

ትሬዠሪ፦ ይታያል። ግን ባንክህ የሚያበድርህን ብር በ15 አልገዛውም። የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው፤ ትልልቅ አስቀማጮች ደግሞ ተደራድረው ብዙ ከፍ ያለ ይወስዳሉ። ብሔራዊ ባንክ 15ን ወደ 13 ቢያወርደው ያንተ ወዲያው ይወርዳል፣ እኛ ለአስቀማጩ የምንከፍለው ግን እንዳለ ይቆያል። ኪሳራው ባንኩ ጋ ይቀራል።

ባለሱቁ፦ ዛሬ ደግሞ ኪሳራው ሁሉ እኔ ጋ ነው። ባንኩ ወጪው ሲጨምር ደብዳቤ ይጽፍልኛል። ወጪው ሲቀንስ የመጣልኝ ደብዳቤ የለም።

ትሬዠሪ፦ ለዚህስ መልስ የለኝም። እውነትህን ነው።

ከለንደን፦ እንግዲያው ሁለት ነገር ይቅደም። ብሔራዊ ባንክ በየቀኑ ባንኮች በእርግጥ የተበዳደሩበትን አማካይ ወለድ ከግብይቱ መጠን ጋር ያውጣ። መጠኑ ካልታየ ቁጥሩ ከሦስት ግብይት ይምጣ ከሦስት መቶ አናውቅም። ሁለተኛ፣ ወለድ የሚቀይር ባንክ ምክንያቱን በቁጥር ይጻፍ፤ ለመጨመርም ለመቀነስም።

ባለሱቁ፦ በዚህ እስማማለሁ። ጣሪያውስ? እሱን ማን ነው የሚያስቀምጠው፣ ሕጉ ወይስ እኔና ባንኩ ተደራድረን?